በጆንያ የወጣውና በአደራ የወጣው፦ ከመቱና ከኢሉባቦር ከተሞች ወደ ባሕር ማዶ የተላከ ስንቅ ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የታሪክ ትምህርት መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ አነስተኛ ሊመስል ይችላል። በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዮ፣ በበደሌ፣ ዘመዱ ባሕር ማዶ ያልሄደበት ቤት ማግኘት እያስቸገረ መጥቷል። ከከተማችን አንድ ሰው ወደ ውጭ ሊሄድ ነው የተባለ እንደሆነ ደግሞ በዚያ ሰሞን ደጁ ከጎብኚ አያርፍም። አንዷ እናት የተቆላ ቡና ይዛ ትመጣለች፤ ሌላዋ ዳቦ ቆሎ፣ ሌላዋ በርበሬ፣ ሌላዋ ኮረሪማ፣ ሌላዋ በጠባብ ዕቃ የታሸገ ማር። «እባክህ ለልጄ አድርስልኝ፤ አደራ» ይባላል። መንገደኛውም ሻንጣው እስኪሞላ ድረስ እንቢ ለማለት ይቸገራል። ይህን ሁላችንም አይተነዋል። ሆኖም እንደ ታሪክ ቁም ነገር ቆጥረን የጻፍነው ጥቂት ነው።

እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ከኢሉባቦር ምድር ላለፉት 120 ዓመታት ገደማ ቡናና ሌላው ፍሬ ወደ ውጭ የወጣው በሁለት መንገድ ነው፤ በጆንያና በአደራ። በጆንያ የወጣው መዝገብ አለው፤ ነገር ግን በጉዞው ስሙን አጥቷል። በአደራ የወጣው የላኪውንም የተቀባዩንም የቀዬውንም ስም ይዞ ደርሷል፤ ነገር ግን መዝገብ የለውም። የታሪክ ተመራማሪ መዝገብ ያለውን ብቻ ከጻፈ የዚህን አገር ታሪክ ግማሹን ብቻ ጻፈ ማለት ነው።

ስንቅ

ከቃሉ እንጀምር። ስንቅ ማለት ለመንገድ የሚያዝ ምግብ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ከየቤቱ የተነሣው ስንቁን ይዞ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ። ይህን ያሰናዳው የሴቶች ጉልበት መሆኑን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን። ነገር ግን ስንቅ የራሱ ዕውቀት አለው። ዳቦ ቆሎን ተመልከቱ፤ የስንዴ ዱቄት ከዘይትና ከበርበሬ ጋር ይለወሳል፣ በቀጭኑ ይድቦለቦላል፣ በጥቃቅን ይቆረጣል፣ በምጣድ ላይ እርጥበቱ እስኪጠፋ ይታመሳል። ውኃ ከሌለበት ሻጋታ አይዘውም። ለወራት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ቡና ራሱ ስንቅ ነበር። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የኦሮሞ ተጓዦች የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ ክብ ክብ አድርገው፣ በቆዳ ከረጢት ይዘው ረጅም መንገድ እንደሚጓዙ ጽፏል። ዛሬም በምዕራብ ኦሮሚያ ቡና ቀላ፣ ማለትም በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ፣ ለክብር እንግዳና ለበዓል ይቀርባል። ስለዚህ ቡና ከመጠጥነቱና ከሸቀጥነቱ በፊት ሰውን ከቤቱ ርቆ የሚያቆየው ምግብ እንደ ነበር ልብ እንበል።

የባሮ በር

አሁን ወደ ጆንያው ልሻገር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የብሪታንያ መንግሥት የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። በብሪታንያ በኩል የፈረመው ጆን ሌን ሃሪንግተን ነበር። ከውሉ አንቀጾች አንዱ በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አጠገብ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ የሚፈቅድ ነበር። የኪራዩም ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስከቆየች ድረስ ነው። በኋላ ከኢታንግ ይልቅ ጋምቤላ ተመረጠች።

በዚህ ጊዜ የኢሉባቦር ከተሞች አቀማመጥ ትርጉሙ ተለወጠ። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ በደጋው ጫፍ ላይ፣ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ፣ ትገኛለች። ጋምቤላ ደግሞ ቁልቁል፣ በ500 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ቡሬ አለች። የቅሎና የሸክም ሰልፍ ቡናውን፣ ሰሙን፣ ቆዳውን ይዞ ከደጋው ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር፤ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። የግሪክ፣ የሶርያና የአርመን ነጋዴዎች በጎሬና በጋምቤላ መደብር ከፈቱ። መርከቡም ከካርቱም በነጭ ዓባይ፣ ከዚያም በሶባት በኩል ከሺህ ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ ይደርሳል።

ይህ በር ግን ዓመቱን ሙሉ የተከፈተ አልነበረም። ባሮ ለመርከብ የሚበቃ ውኃ የሚይዘው በክረምት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ ነው። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ጋምቤላ ትተኛለች። እንግዲህ በጎሬ የተቀመጠ አንድ የውጭ ሰው፣ ለምሳሌ የብሪታንያ ቆንስል፣ ከአገሩ ሻይ ወይም የታሸገ ብስኩት ቢያምረው የኢሉባቦርን ዝናብ መጠበቅ ነበረበት። እኛ ዝናብን ለማሳ እንጠብቃለን፤ እርሱ ለፖስታም ጭምር ይጠብቃል።

ኬኩና ሻዩ

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልናገር፤ ለክርክሬ ስለሚያስፈልግ ነው። በ1996 ዓ.ም. ለዶክትሬት ትምህርቴ እንግሊዝ አገር ነበርኩ። የተከራየሁት ክፍል በአንዲት ባለቤታቸው በሞቱባቸው አሮጊት ቤት ውስጥ ነበር። ልጃቸው ኒውዚላንድ ይኖራል። በጥቅምት ወር አንድ ቀን ስመለስ ቤቱ በቀረፋና በቅርንፉድ ሽታ ተሞልቷል። ለገና የሚሆን ኬክ እየጋገሩ ነበር። «ገና እኮ ሁለት ወር ይቀረዋል» ብላቸው ሣቁ። ኬኩ በየሳምንቱ ጥቂት ብራንዲ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ ደግሞም የባሕር ፖስታው ረጅም ጊዜ ይወስዳል አሉኝ። በብራና መሰል ወረቀት ጠቀለሉት፣ በቆርቆሮ ጣሳ ከተቱት፣ ከጎኑ አንድ እሽግ ሻይ አስቀመጡ፣ አድራሻውን በትልልቁ ጻፉ።

ኬኩን ሳስተውለው ዳቦ ቆሎ ታየኝ። በመልክም በጣዕምም አይገናኙም፤ የተሠሩበት ብልሃት ግን አንድ ነው። የደረቀ ወይን፣ ብዙ ስኳር፣ አልኮል፤ ሁሉም ውኃን አስረው ሻጋታን ይከለክላሉ። ስኳርና አልኮል በሌለበት እሳት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሰውን ከቤቱ ያራቀ ሕዝብ ሁሉ፣ በዘመቻም ይሁን በንግድ ወይም በስደት፣ መንገድ የሚችል ምግብ መሥራት ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1914 ገና፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መባቻ፣ በንጉሥ ጆርጅ ልጅ በልዕልት ሜሪ ስም ለብሪታንያ ወታደሮች የናስ ሣጥን ስጦታ ተልኮ ነበር። ለአብዛኞቹ ትንባሆ ሲደርስ ከሕንድ ለመጡት ወታደሮች ግን ቅመምና ጣፋጭ የያዘ ተዘጋጅቷል። የላከው መንግሥት እንኳን የሰው ናፍቆት እንደየቀዬው መሆኑን ተረድቶ ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ ላንሣ። አሮጊቷ «የእንግሊዝ ኬክና የእንግሊዝ ሻይ» ብለው የላኩት ምኑ ነው የእንግሊዝ? ሻይ እንግሊዝ አገር የገባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከቻይና ነው፤ በኋላም በሕንድና በሴሎን ተተከለ። ስኳሩ ከካሪቢያን ደሴቶች፣ የደረቀው ወይን ከሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ቀረፋው ከሴሎን። ከእንግሊዝ አፈር የበቀለው ዱቄቱና ቅቤው ቢሆን ነው። ነገር ግን ልጃቸው ጣሳውን ሲከፍት የሚሸተው አገሩ ነው። ምግብን የአገር ምግብ የሚያደርገው አፈሩ ብቻ አይደለም፤ የላኪው እጅም ነው።

ሻይ በጎሬ

ይህን የምነግራችሁ ስለ ሩቅ አገር አይደለም። ሻይ ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን ታሪክ የሚያወሱ ሰዎች በሰፊው የሚጠቅሱት ጎሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማብቂያ ላይ የብሪታንያ ቆንስላ ሰዎች በጎሬ የሻይ ችግኝ እንደ ተከሉ ይነገራል። ከዝናብ በዝናብ መካከል የሚጠበቀውን መጠጥ በደጃቸው ማብቀል ፈለጉ ማለት ነው። ምድሩም አላሳፈራቸውም። ዛሬ በጎሬ አቅራቢያ ያለው የጉማሮ የሻይ እርሻ በከፋ ካለው ከውሽውሽ ጋር የአገራችን የሻይ ምንጭ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች በየቡና ቤቱና በየመንገዱ ዳር በቀረፋና በቅርንፉድ ፈልቶ የሚቀርበው ሻይ ከፊሉ የእኛው ጭጋግና ዝናብ ያሳደገው ነው።

ከእንግሊዝ አገር ስመለስ ለእናቴ በሚያምር የቆርቆሮ ጣሳ የታሸገ ሻይ ይዤላት መጣሁ። አፍልታ ቀመሰችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ይህ ከጉማሮው በምን ይበልጣል ልጄ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይሁን እንጂ ጣሳውን ወደደችው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወደ ውጭ ለሄዱት የአክስቶቼ ልጆች ዳቦ ቆሎ ስትልክ ጓዳዋ ውስጥ ያንን ጣሳ መስፈሪያ አደረገችው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጣሳ፣ ሳይበልጥ ሳያንስ።

በሩ ሲዞር

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የኢሉባቦር ፊት ለረጅም ጊዜ ወደ ምዕራብ ነበር። ይህ እንዴት ተለወጠ? በአንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ፤ የአገሪቱ ንግድ ስበት ወደ ምሥራቅ መዞር ጀመረ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ጎሬ ለጥቂት ወራት የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ራስ እምሩም፣ የጥቁር አንበሳ አርበኞችም በዚህ ምዕራብ ምድር ተዋደቁ። በዚያን ጊዜ በጎሬ የነበረው የብሪታንያ ቆንስል ካፒቴን ኤስሚ ኧርስኪን ነበር። በኅዳር 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ጎሬን ያዘ።

ከነጻነት በኋላ መርከቡ ቢመለስም የቀድሞ ክብሩን አላገኘም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በጥር 1956 ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ውል ምክንያቱ ቀረ፤ በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1949 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። በሕግ ረገድ ድል ነበር። የወንዙ ንግድ ግን እየደከመ ሄደ፤ በድንበሩ ማዶ ያለው ጦርነትም መንገዱን ዘጋው። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። ኢሉባቦር ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዞረች። በአያቶቻችን ዘመን የባሕር ማዶ ዕቃ ከጎሬ ቁልቁል ወርዶ ከወንዝ ይሳፈር ነበር፤ ዛሬ አንድ ኪሎ ማር ከመቱ ተነሥቶ ወደ 600 ኪሎሜትር በአውቶቡስ ተጉዞ ቦሌ ካልደረሰ ባሕር አይሻገርም። በደጃችን የነበረው በር አሁን ሌላው ዳር ላይ ነው።

ስለ ቡናው ስምም ልናገር። የዱር ቡና የሚበቅልበት የያዮ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ምድር ቡና ግን በንግዱ ዓለም ለብዙ ዘመን «ጅማ» በሚል የጋራ ስም ሲሸጥ ኖሯል። ጅማ ወንድማችን ናት፤ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን በሌላ አገር ያንን ቡና የሚጠጣ ሰው ከመቱ፣ ከያዮ፣ ከሁሩሙ የመጣ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ጆንያ ከጆንያ ጋር ተቀላቅሎ፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ ስሙን ጥሎ ይሄዳል።

በለንደን አጠገብ በኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ስሠራ የጋምቤላን ንግድ የሚመለከቱ ሰነዶች አገላብጬ ነበር። ቡናው በክብደት፣ ሰሙ በክብደት፣ ቀረጡ በገንዘብ ተጽፏል። ለቅሞ ያደረቀው፣ ወቅጦ ያበጠረው፣ በጀርባው ቡሬ ድረስ ያወረደው ሰው ግን ስም የለውም። አንድ ቀን ማታ ወደ ክፍሌ ስመለስ ከመቱ የመጣ አደራ ጠበቀኝ። አንድ የማላውቀው መንገደኛ ይዞልኝ መጥቶ ለአሮጊቷ ትቶላቸዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ የተቆላ ቡና፣ ዳቦ ቆሎና ኮረሪማ ነበር። በላዩ በእናቴ ድምፅ በታናሽ እኅቴ እጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት፤ ቡናው ከየትኛው ማሳችን እንደ ተለቀመ ሳይቀር ይናገራል። ቀን ሳነበው የዋልኩት መዝገብ ያላስቀረው ያ ወረቀት ላይ ነበር። ቅቤም ልካ ነበር። ቅቤው አልደረሰም፤ መንገደኛው ካረፈባቸው አውሮፕላን ማረፊያዎች በአንዱ ተወስዶበታል። ሕጉ ሕግ ነው፤ ሥጋና የወተት ውጤት ወደ ብሪታንያም ሆነ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በግል ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ይህንን ለእናቴ በስልክ ለማስረዳት ግን ተቸግሬ ነበር። «የላም ቅቤ ምን በደላቸው?» አለችኝ።

አደራ እንደ ተቋም

ተማሪዎቼ አንዳንድ ጊዜ፣ «መምህር፣ ይህ ናፍቆት ነው እንጂ ታሪክ ነው ወይ?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሦስት ነገር ልመልስ።

አንደኛ፣ አደራ ያልተጻፈ ይሁን እንጂ ሕግ ያለው ሥርዐት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1908 የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች፤ የመጀመሪያው ቴምብርም ከዚያ አስቀድሞ በ1894 ወጥቷል። ፖስታ ቤት እያለ እናቶቻችን ለምን መንገደኛ ይመርጣሉ? መንገደኛው ፊት ስላለው ነው። ልጁን አይቶ ተመልሶ፣ «ከስቷል» ወይም «አምሮበታል» ብሎ ይናገራል። ፖስታ ቤት ይህን አይነግርም። አደራ የበላ ሰው በቀዬው ስሙ ይጠፋል፤ «አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» የሚለው አባባል ዋስትናውን ይገልጻል። ደረሰኝ የሌለው ውል ለዘመናት የጸናው በዚህ ነው። አሁን ሥርዐቱ እየላላ ነው። በሰው ዕቃ ውስጥ የተደበቀ ነገር ይዞ መከሰስ አለ፤ መንገደኛው የታሸገውን ፈትቶ ማየት ይፈልጋል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በኪሎ አስከፍለው የሚልኩ ድርጅቶች በዝተዋል። አንድ ተቋም በዐይናችን ፊት ሲለወጥ ማየትና አለመጻፍ ለታሪክ ሰው ስንፍና ነው።

ሁለተኛ፣ አደራ የእጥረት ውጤት ብቻ አይደለም። ዛሬ በለንደንም በዋሽንግተንም በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ የኢትዮጵያውያን ሱቆች አሉ፤ እንጀራ ሳይቀር በአውሮፕላን ይሄዳል። ልጁ ከሱቅ መግዛት ይችላል። ሆኖም እናት መላክን፣ ልጅም መጠበቅን አልተዉም። የሚፈለገው በርበሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሱቁ በበቃ ነበር።

ሦስተኛ፣ ይህንንም ከሁሉ በላይ እንድታስቡበት እፈልጋለሁ፣ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ይቆጠራል። በብሔራዊ ባንክ ሪፖርት ይወጣል፣ በጥናት ይተነተናል። ከዚህ የሚላከው ስንቅ አይቆጠርም። ስለዚህ በወረቀት ላይ እናት ሁልጊዜ ተቀባይ፣ ልጅ ሁልጊዜ ሰጪ ሆነው ይታያሉ። በእውነቱ ግን እናት ለመጣላት ገንዘብ መልስ ትሰጣለች። ሦስት ቀን ምጣድ ፊት ተቀምጣ፣ ጭሱ ዐይኗን እያነደዳት፣ ዳቦ ቆሎ ታምሳለች። «እኔም አለኝ፤ እኔም እሰጣለሁ» እያለች ነው። ይህን ሚዛን ያላየ ጥናት የቤተ ሰቡን ግንኙነት አዛብቶ ያቀርባል። ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት ለሄዱት የአካባቢያችን ሴት ልጆች ደግሞ ይህ ስንቅ የበለጠ ትርጉም አለው። በሰው ቤት ሌላ የሚያበስል፣ የራሱን የሚቀምስበት ጊዜ የሌለው ሰው፣ በኪሱ የያዘው አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ የእናት ልጅ መሆኑን ያስታውሰዋል።

ሁሉም ነገር እንደማይላክም አስተውሉ። የኢሉባቦርና የወለጋ ሰው የሚኮራበት አንጮቴ እርጥብ ሥር ነው፤ መንገድ አይችልም። ስለዚህ በባሕር ማዶ የሚያድጉ ልጆቻችን ቡናንና ዳቦ ቆሎን ያውቃሉ፣ አንጮቴን አያውቁም። አገር በውጭ የሚታወቀው መንገድ በሚችለው ምግቡ ነው። ይህም ባህላችን በስደት የትኛው ክፍሉ እንደሚተርፍና የትኛው እንደሚቀር ለማጥናት መነሻ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የጋምቤላን ንግድ እንደ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ያሉ ሊቃውንት በብርቱ ድካም አጥንተውልናል፤ የጆንያውን ታሪክ የምናውቀው በእነርሱ ነው። የአደራውን ታሪክ መጻፍ የእናንተ ድርሻ ነው። ውድ ገንዘብና ሩቅ መዝገብ ቤት አይጠይቅም። ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ አራት ጥያቄዎችን ያዙ። ምን ተላከ? ማን አሰናዳው? በማን እጅ፣ በየትኛው መንገድ ሄደ? ሲደርስስ ምን መልስ መጣ? በእድሜ የገፉትን አስቀድሙ። የጋምቤላን መርከብ ያዩ ዐይኖች እየተከደኑ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ስንቅ ያሰናዱ እናቶችም እየተለዩን ነው። የላኩበትን ብጣሽ ወረቀት የጣለው የለም ብላችሁ አትገምቱ፤ እኔ ራሴ የእናቴን ደብዳቤዎች ያስቀረሁት ከሦስት አንዱን ነው። የታሪክ መምህር ሆኜ ይህን ማጣቴ ያሳፍረኛል።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። እቃዋን ስንከፋፈል እኅቶቼ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ያን የሻይ ጣሳ ወሰድኩ። ሥዕሉ ለቋል፣ ክዳኑም በደንብ አይገጥምም። ከእንግሊዝ አገር ሻይ ይዞ መጣ፤ መቱ ላይ ዳቦ ቆሎ እየሰፈረ ኖረ። አሁን ሴት ልጄ ካናዳ ትማራለች። ባለፈው ወር ባለቤቴ ዳቦ ቆሎ ስታምስ ጣሳውን አውጥቼ ሰጠኋት። በዚያው ሰፍራ ላከችላት። ከውስጡም ማን እንደ ቆላው፣ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደ ሆነ ጽፌ አንድ ወረቀት ጨመርኩበት። ቅጂውን በማኅደሬ አስቀርቻለሁ።